አገር ስጠኝ፦ የፎቶ ቃላትን በካርታ ጨዋታ መማር

ፍኖተ ሰላም አንድ ሰርግ ላይ ነበርን። እኔ ገና ለማጅ ነኝ። ሁለተኛውን ካሜራ ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ) ላይ አቁሜ ዳሱ ውስጥ ሳነሳ ቆየሁና ሙሽሮቹ ሲወጡ ተከትዬ ፀሐይ ላይ ወጣሁ። ሥራ ያስተማሩኝ ጋሼ ከጭፈራው ማዶ ሆነው «አውርደው! አውርደው!» ይላሉ። አወረድኩት። ትራይፖዱን። እሳቸው ያሉት ለካ አይኤስኦውን (ካሜራው ብርሃን የሚያጎላበትን ቁጥር) ነው። ዳሱ ውስጥ 3200 ላይ አድርጌው ስለነበር ፀሐይ ላይ ያነሳሁት ሁሉ ተቃጥሎ ነጭ ሆነ። ባይቃጠልም ብዙ አይጠቅምም ነበር፤ ፍሬሙ ውስጥ የገባው የሙሽራው ቀበቶ ነው።

ቁልፎቹን አላውቃቸውም ነበር ማለት አይደለም። የቱ ሲዞር ምን እንደሚመጣ ጣቴ ያውቀዋል። ስማቸው ነው የጠፋኝ። እኛ አካባቢ ብዙው ሰው ሙያውን የሚለምደው ፎቶ ቤት ቁጭ ብሎ፣ እያየ ነው። የካሜራው ሜኑ በእንግሊዝኛ፣ ዩቲዩቡም በእንግሊዝኛ። ቃሉን እንሸመድደዋለን፤ ግን በዓይናችን ከምናየው ብርሃን ጋር አናገናኘውም። ስለዚህ በሁለተኛው ቀን ይጠፋል።

ይህን ችግር የፈታልኝ የልጅነት ጨዋታ ነው፤ እንቆቅልሽ። «እንቆቅልሽ?» «ምን አውቅልህ?» ካላወቅህ «አገር ስጠኝ» ትባላለህ። አገር ትሰጣለህ። እኔ ይህንኑ ወስጄ በካርታ ሠራሁት። ሦስት ጊዜ አበላሽቼ በአራተኛው ተሳካ። እናንተ በአንድ ጊዜ እንዲሳካላችሁ እያንዳንዱን ደረጃ እነግራችኋለሁ።

ምን ያስፈልጋል

ስምንት ገጽ ኤ ፎር መጠን ያለው ጠንካራ ወረቀት፣ ማስመሪያ፣ መቀስ፣ ጥቁር ማርከርና ቀጭን እስክርቢቶ። ማኒላ ወረቀት ይሆናል። ተራ የኮፒ ወረቀት ግን አትጠቀሙ። የመጀመሪያውን የሠራሁት በእሱ ነው፤ ማርከሩ ወደ ጀርባ አልፎ ሁሉም ሰው ፊት ለፊቱ ያለውን ካርታ ያነብ ነበር። እኔ ብቻ ነኝ ያላወቅሁት። ሁሌ እሸነፋለሁ፣ ለምን እንደሆነ አይገባኝም።

አንዱን ገጽ ሦስት ጊዜ ለሁለት ብታጥፉት ስምንት እኩል ካርታ ይወጣዋል። እያንዳንዱ ወደ 10 ሴንቲ ሜትር ተኩል በ7 ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ይሆናል፤ ከመጫወቻ ካርታ ትንሽ ሰፋ ይላል። ስምንት ገጽ 64 ካርታ ይሰጣችኋል። የሚያስፈልጋችሁም ይኸው ነው፦ 24 ሰም (ቃሉ)፣ 24 ወርቅ (ትርጉሙ)፣ 16 አገር (የከተማ ስም)።

ቃላቱን ምረጡ

መጀመሪያ 60 ቃል ይዤ ነበር የተነሳሁት። ስህተት ነው። 60 ቃል ጨዋታ አይሆንም፣ ፈተና ነው። 24 ይበቃል። በስድስት ቤት ከፍሉት፣ ለእያንዳንዱ ቤት አራት ቃል። የእኔ እንዲህ ነው፦

ብርሃን፦ አፐርቸር፣ ሻተር ስፒድ፣ አይኤስኦ፣ ኤክስፖዠር
ሌንስ፦ ፎካል ሌንግዝ፣ ዋይድ፣ ቴሌ፣ ፕራይም
ጥራት፦ ፎከስ፣ ዴፕዝ ኦፍ ፊልድ፣ ቦኬ፣ ሞሽን ብለር
ቀለም፦ ዋይት ባላንስ፣ ኬልቪን፣ ኮንትራስት፣ ሳቹሬሽን
ፍሬም፦ ኮምፖዚሽን፣ ሩል ኦፍ ሰርድስ፣ ሊዲንግ ላይን፣ ሲልዌት
ፋይል፦ ሮው፣ ጄፔግ፣ ኖይዝ፣ ሂስቶግራም

ቃላቱን ወደ አማርኛ አልተረጎምኳቸውም። «የብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ ስፋት» ብሎ የሚጠራ ፎቶ አንሺ አይቼ አላውቅም፤ «አፐርቸሩን ክፈተው» ነው የሚባለው። በአፍ የሚነገረው ነው መጻፍ ያለበት። በሌላ በኩል አማርኛው ቀድሞን የያዛቸው ቃላት አሉ። ብርሃን የበዛበት ፎቶ «ተቃጠለ» ይባላል። እጅ የተንቀጠቀጠበት «ተነቃነቀ»። ከደረት በላይ የሆነ «ጉርድ»። እነዚህን ለብቻ ካርታ አላደርጋቸውም፤ ወርቁ ውስጥ ግን እጠቀምባቸዋለሁ፤ ከየትኛውም ማብራሪያ ቶሎ ይገባሉ።

ሰሙን ጻፉ

ሰም ማለት ቃሉ ራሱ የተጻፈበት ካርታ ነው። መሐል ላይ ቃሉን በማርከር፣ ጎላ አድርጋችሁ። ላይኛው ጥግ የቤቱን ስም። ሌላኛው ጥግ ላይ ደግሞ ካሜራው ስክሪን ላይ የሚወጣውን ምልክት በላቲን ፊደል እንዳለ ገልብጡት፤ ሜኑው ውስጥ ፈልጎ የሚያገኘው ያንን ነውና።

ታች ሁለት ክልክል ቃላት ጻፉ። እንቆቅልሽ ጠያቂው እነዚህን መናገር አይችልም። አፐርቸር ላይ «ቀዳዳ» እና «ኤፍ» (የአፐርቸር ቁጥር መጠሪያ)። ኖይዝ ላይ «አይኤስኦ» እና «ጨለማ»። ዋይት ባላንስ ላይ «ቀለም» እና «ነጭ»። ክልክሉ መጀመሪያ አፍ ላይ የሚመጣው ቃል መሆን አለበት። ቀላሉ መንገድ ሲዘጋ ሰው ማሰብ ይጀምራል።

አጎቴ ቅኔ ቤት የኖረ ሰው ነው። ሰምና ወርቅ ማለቴን ሲሰማ ቅር አለው። «ሰምና ወርቅ በአንድ ቃል ውስጥ ነው የሚያድረው፤ አንተ በሁለት ወረቀት አለያየኸው» አለኝ። እውነቱን ነው። ስሙን ግን አልቀየርኩትም። ጎጃም ውስጥ «ሰሙ ይኸ ነው፣ ወርቁን ፈልግ» ያልከው ሰው ሌላ ማብራሪያ አይጠይቅም።

ወርቁ ላይ ጊዜ ውሰዱ

ጨዋታው የሚሞተውም የሚድነውም እዚህ ነው። ሁለተኛው ሙከራዬ የከሸፈው ትርጉሞቹን ከኢንተርኔት ስለገለበጥኩ ነው። «ወደ ሴንሰሩ የሚደርሰውን የብርሃን መጠን የሚቆጣጠር…» እያለ ይቀጥላል። ማንም አልተጫወተውም። እኔ ራሴ አላነበብኩትም።

ወርቅ ካርታ ላይ ሦስት መስመር ብቻ ይሁን። አንደኛው፣ ነገሩ ምን ያደርጋል? በአማርኛ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር። ሁለተኛው፣ የት አይታችሁታል? ከምታውቁት ቦታ ይሁን። ሦስተኛው፣ አንድ ቁጥር ወይም አንድ የሚታይ ምልክት። ጥቂቶቹን ከራሴ ካርታ ላሳያችሁ።

አፐርቸር። ሌንሱ ውስጥ እንደ ዓይን ብሌን የሚሰፋና የሚጠብ በር። የኔ ምሳሌ የሣር ቤት ነው፦ በሩ ገርበብ ሲል ምድጃው ብቻ ይታያል፣ ወለል ሲል ቤቱ ሁሉ ይበራል። ሦስተኛው መስመር ላይ ሰው ሁሉ የሚጋጭበትን ነገር አስቀመጥኩ። ቁጥሩ ሲያንስ በሩ ይሰፋል። ለምን? ቁጥሩ የሚገኘው የሌንሱን ፎካል ሌንግዝ (ሌንሱ ላይ በሚሊ ሜትር የተጻፈውን ቁጥር) ለበሩ ስፋት በማካፈል ስለሆነ ነው። 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ላይ ኤፍ 2 ማለት በሩ 25 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። ኤፍ 8 ካላችሁ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ። ይህን አንዴ በማስመሪያ ወረቀት ላይ ስላችሁ አሳዩ። ሁለት ክብ፣ አንዱ 25፣ አንዱ 6። ከዚያ በኋላ «ትንሹ ቁጥር ለምን ትልቅ ሆነ?» የሚል ጥያቄ አይነሳም።

ሻተር ስፒድ። ብርሃኑ የሚገባበት የጊዜ ርዝመት። ምሳሌው ጢስ ዓባይ ነው፤ ሌላ አልፈልግም። ነሐሴና መስከረም ላይ ፏፏቴው ሞልቶ ሲወርድ በ1/1000 ሴኮንድ አንሱት፤ ውኃው እንደ ጠጠር ተበታትኖ፣ ጠብታው እየተቆጠረ ይቆማል። ካሜራውን ትራይፖድ ላይ አቁማችሁ በአንድ ሴኮንድ ድገሙት፤ ያው ውኃ የተዘረጋ ነጠላ ይሆናል። በቀን ብርሃን ለአንድ ሴኮንድ ኤንዲ ፊልተር (ሌንሱ ላይ የሚገባ ብርሃን ቀናሽ ጥቁር መስታወት) ያስፈልጋል፣ ያለዚያ ይቃጠላል። እሱ ከሌላችሁ ሲመሻሽ ሞክሩ።

አይኤስኦ። ካሜራው የገባለትን ብርሃን የሚያጎላበት መጠን። ምሳሌዬ የትንሣኤ ሌሊት፣ በጧፍ ብርሃን። በፊልም ዘመን የሠሩ ሰዎች ቁጥሩን ከፊልሙ ካርቶን ያውቁታል፤ 100፣ 200፣ 400 እየተባለ ይገዛ ነበር። ዛሬ በቁልፍ ይቀየራል። 100ን ወደ 200 ስታደርጉ ፎቶው በእጥፍ ይበራል። ዋጋው ኖይዝ ነው።

ኖይዝ ደግሞ ጥቁር ጨርቅ ላይ ጤፍ የተበተነ የሚመስለው ነጠብጣብ ነው። ነጭ ጤፍ። ከዚህ የተሻለ መግለጫ አላገኘሁም፣ አልፈልግምም።

ዋይት ባላንስ። ሰማያዊ ሸራ የተወጠረበት ዳስ ውስጥ የተነሳ ሙሽራ አይታችሁ ታውቃላችሁ። ቬሎዋ ሰማያዊ፣ ፊቷ የታመመ ይመስላል። ዓይናችን ራሱን ያስተካክላል፣ ነጩን ነጭ ብሎ ያየዋል። ካሜራው ግን ነጩ የትኛው እንደሆነ ሊነገረው ይገባል። በኛ ሙያ ብዙ የሚያስወቅስ ጉዳይ ይህ ነው። ሰው ፎቶ መነቃነቁን ይቅር ይላል፤ ልጁ ሰማያዊ ሆና መውጣቷን ግን አይምርም።

ኬልቪን ከዚሁ ጋር ይሄዳል። የብርሃኑ ቀለም መለኪያ ነው። ጧፍና ሻማ ወደ 1900 ገደማ፣ ቢጫው አምፖል ከ2700 እስከ 3000፣ የቀትር ፀሐይ 5500 አካባቢ፣ ጥላ ደግሞ ከ7000 በላይ ሊደርስ ይችላል። ቁጥሩ ሲያንስ ብርሃኑ ወደ ቢጫና ቀይ፣ ሲጨምር ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። መብራት ሲጠፋ ሻማ አብርታችሁ ብትጫወቱ ይህ ካርታ ራሱን ያስረዳል። እኛ ቤት ይህ ዕድል በቂ ነው።

ኤክስፖዠር (ፎቶው የሚያገኘው ጠቅላላ ብርሃን) ላይ ቀላል ትርጉም ጽፌ ነበር። በኋላ ግን የጥምቀት ቀን የገጠመኝን ጨመርኩበት። ነጭ የለበሱ ካህናትና ምእመናን ሜዳውን ሞልተዋል። አነሳሁ። ስክሪኑ ላይ ነጩ ልብስ አመድማ ሆኖ መጣ። ካሜራው የሚያየው ነገር ሁሉ በአማካይ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ስለሚገምት፣ ነጭ ሲበዛበት «በጣም በራ» ብሎ ያጨልመዋል። መፍትሔው ኤክስፖዠሩን ፕላስ 1 ማድረግ ነው። ጥቁር ፈረስ ፍሬሙን ሲሞላው ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል፤ ካሜራው ያለ ልክ ያበራዋል፣ ወደ ማይነስ ትወስዱታላችሁ። ሦስተኛው መስመር ላይ ይህን ጻፍኩ፦ ደመና በሌለበት ቀትር፣ አይኤስኦ 100 ከሆነ፣ ኤፍ 16 እና 1/125። ካሜራው ባይነግራችሁም በዚህ ብትጀምሩ ብዙ አትሳሳቱም።

ሮውና ጄፔግን ጎን ለጎን ሠራኋቸው። ሮው፣ ጥሬው ፋይል፣ ሊጥ ነው፤ ጄፔግ፣ ካሜራው አዘጋጅቶ የሚያወጣው፣ እንጀራ። ሊጡን ልታቀጥኑት፣ ልታወፍሩት ትችላላችሁ። እንጀራው ከወጣ በኋላ ግን ያው ነው፤ መልሳችሁ ሊጥ አታደርጉትም። እናቴ ይህን ካርታ አይታ «ታዲያ እርሾው የታል?» አለችኝ። መልስ የለኝም።

የቀሩትን ለእናንተ እተዋለሁ፤ መተው ያለባቸውም ናቸው። የኔን ብትገለብጡ የኔን አገር ትሸመድዳላችሁ እንጂ ቃሉን አትይዙትም። ለፍንጭ ያህል፦ ቴሌ ላይ የጣና ጉማሬ አለኝ፤ በእግር የማይጠጉት ነገር ስለሆነ። ዋይድ ላይ ደጀን ላይ ቆሞ የሚታየው የዓባይ በረሃ። ዴፕዝ ኦፍ ፊልድ (ፎቶው ላይ ጥርት ብሎ የሚታየው ርቀት) ላይ ፊት አደይ አበባ፣ ከኋላ ጮቄ፤ በኤፍ 16 ሁለቱም ይጠራሉ፣ በኤፍ 1.8 አበባዋ ብቻ። ሲልዌት ላይ ፀሐይ ስትጠልቅ ጥቁር ጥላ ሆኖ ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው።

አገሮቹን ጻፉ

አሥራ ስድስት ካርታ፣ አሥራ ስድስት ከተማ። የኔ፦ ደብረ ማርቆስ፣ ባሕር ዳር፣ ፍኖተ ሰላም፣ እንጅባራ፣ ዳንግላ፣ ሞጣ፣ ቢቸና፣ ደጀን፣ ቡሬ፣ ደንበጫ፣ መርዓዊ፣ አዴት፣ ደብረ ወርቅ፣ ሉማሜ፣ ቻግኒ፣ ግሽ ዓባይ። ከስሙ ሥር እዚያ ሊነሳ የሚችል አንድ ነገር ጻፉ። እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች፣ ዘንገና ሐይቅም አጠገቡ። ሞጣ ላይ ወደ ዓባይ ወርዶ የሚገኘው ሰባራ ድልድይ። ባሕር ዳር ላይ ታንኳ። ቡሬ ላይ የገበያ ቀን ብያለሁ፤ ለየት ያለ ነገር የሚያውቅ ይጨምርበት።

ደብረ ማርቆስ ላይ አንድ የሠፈራችን አዛውንት «ምንቆረር ብለህ ጻፈው» ብለው አስጨነቁኝ። የድሮ ስሙን በቅንፍ ጨምሬ ተገላገልኩ።

ቆርጦ ማሸግ

ከመቁረጣችሁ በፊት ሌላ ሰው ያንብበው። እኔ ኮፒ ቤት ወስጄ ሁሉንም ላሚኔት ካስደረግሁ በኋላ ነው ኬልቪን ላይ ዜሮ እንደጎደለች ያየሁት። 550 ይላል የቀትር ፀሐይ።

ላሚኔት የግድ አይደለም። ካደረጋችሁ ግን ጠርዙ እንደ ምላጭ ይሆናልና አራቱንም ጥግ በጥፍር መቁረጫ ክብ አድርጉት። ጀርባው ሁሉም አንድ ዓይነት ይሁን። አንዷ ካርታ ጥጓ ከታጠፈ ሁሉም ሰው ይለያታል፤ ቀይሯት።

ለማሞቅ፣ ጥንድ ፍለጋ

ለጀማሪ ይህ ይቅደም። ሦስት ቤት ምረጡ፤ 12 ሰም፣ 12 ወርቅ። በውዙና በአራት ረድፍ፣ ስድስት ስድስት አድርጋችሁ ጀርባቸውን ወደ ላይ ደርድሩ። በተራ ሁለት ሁለት ይገለጣል። ሰሙና ወርቁ ከገጠሙ ይወስዳል፣ ይደግማል። ካልገጠሙ መልሶ ይገለብጣል። ሲገልጥ ጮክ ብሎ ማንበብ ግዴታ ነው። ሁለት ሦስት ዙር ይበቃል። ከዚያ በላይ ከቆያችሁ የካርታዋን ቦታ እንጂ ቃሉን አታጠኑም።

ዋናው ጨዋታ

አራት ሰው ይሻላል። ለእያንዳንዱ አራት አገር እደሉ፤ ፊት ለፊቱ ዘርግቶ ያስቀምጥ፣ ሀብቱ ይታይ። 24ቱን ሰም በውዛችሁ መሐል ከምሩ። ወርቆቹ ለብቻ፣ በየቤታቸው ተለይተው፣ ተገልብጠው ይቀመጡ። ዳኛው እነሱ ናቸው።

ተራው የደረሰው አንድ ሰም ይስባል። ማንም አያይበትም። በቀኝ ወዳለው ሰው ዞሮ «እንቆቅልሽ?» ይላል። ያኛው «ምን አውቅልህ?» ለሴት ከሆነ «ምን አውቅልሽ?»። ከዚያ እንቆቅልሹን ይነግረዋል፤ ቃሉንም ሁለቱን ክልክሎችም ሳይጠራ። ከኛ ቤት የወጡ እነዚህን ሞክሯቸው፦

«በር ነኝ። ስከፈት ቁጥሬ ያንሳል፣ ስዘጋ ቁጥሬ ይበዛል።»

«ዓባይን ጠዋት ጠጠር፣ ማታ ነጠላ አደረግሁት።»

«በሬ የሠራኝ፣ ዓይን የሚሄድብኝ።»

የመጨረሻዋ ሊዲንግ ላይን ናት፤ የእርሻ ትልም። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ናት የፈጠረቻት። ትልሙ ከፎቶው ጥግ ተነስቶ ወደ ጎጆው ሲሄድ ዓይንም አብሮ ይሄዳል። እኔ ስንት ጊዜ በትልም መሐል አልፌ ይህን አላሰብኩትም።

መልስ ሰጪው ሦስት ጊዜ መገመት ይችላል። በተሳሳተ ቁጥር ጠያቂው አንድ ፍንጭ ይጨምርለታል። ካወቀ ሰሟን ይወስዳል፤ አንድ ነጥብ ናት። ሌላ ሰው ከጎን ሹክ ካለ፣ ሹክ ያለው አንድ አገር ይከፍላል። ይህን ሕግ ያስገባነው ተቸግረን ነው።

ሦስቴ ከሳተ «አገር ስጠኝ!» ይባላል። ከፊቱ ካሉት አንዱን አንስቶ «እንጅባራን ሰጠሁህ» ይላል። ግን በነፃ አይወሰድም። በልጅነታችን አገር የተሰጠው ሰው «እዚያ ገብቼ ይህን በልቼ፣ ይህን ጠጥቼ» እያለ ይኮራ የለ? እዚህም ጠያቂው አገሩ ገብቶ ምን ፎቶ እንዳነሳ መናገር አለበት፤ ያቺን ቃል ተጠቅሞ፣ ትክክል አድርጎ። «እንጅባራ ገብቼ ፈረሰኛ ሲጋልብ አገኘሁ፤ ሻተሬን 1/1000 አድርጌ አራቱም ኮቴ አየር ላይ እንዳለ አስቀረሁት።» ያስኬዳል፣ አገሩን ይወስዳል። «ሻተሬን ከፍቼ ከኋላ ያለውን አደበዘዝኩ» ካለ ግን የአፐርቸርን ሥራ ለሻተር ሰጥቷል። አገሩ ለባለቤቱ ይመለሳል።

ሙያው የሚገባው በዚህች ቅጽበት ነው። ትርጉም መሸምደድ ሁሉም ይችላል፤ በቃሉ ሥራ መሥራት ሌላ ነው። አዴት ተሰጥቶት ሂስቶግራም (የፎቶውን ጨለማ በግራ፣ ብርሃን በቀኝ የሚያሳይ ግራፍ) የደረሰው ሰው ምን እንደሚያደርግ አስቡት። አንዱ እንዲህ አለ፦ «አዴት ገብቼ የጤፍ አውድማ ቀትር ላይ አነሳሁ፤ ሂስቶግራሙ ወደ ቀኝ ሄዶ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ፣ ጭዱ ተቃጥሎብኛል ብዬ ቀነስኩ።» አጨበጨብንለት።

ሆን ብሎ የማይፈታ እንቆቅልሽ የሚሠራ ይኖራል። አገር ለመዝረፍ ነው። ለዚህ ነው ወርቁ ዳኛ የሆነው። መልስ ሰጪው «አልተስማማሁም» ካለ ወርቁ ይገለጣል፣ ይነበባል። እንቆቅልሹ ከሦስቱ መስመር በአንዱም ካልገጠመ፣ አገር የሚከፍለው ጠያቂው ራሱ ነው። በክርክር ካልተግባባችሁ ካሜራ ወይም ስልክ አንሱና ሞክሩት። ክርክሩ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅም አታቋርጡት፣ የመጣችሁት ለዚያ ነው።

ሰሞቹ ሲያልቁ ወይም የአንዱ አገር ሲያልቅ ጨዋታው ይቆማል። አገር ሁለት ነጥብ፣ ሰም አንድ።

ኮንከር ለሚወዱ

ኮንከር የምታውቁ ከሆነ ይህ በአንድ ደቂቃ ይገባችኋል። 48ቱን ሰምና ወርቅ ቀላቅላችሁ በውዙ፣ ለእያንዳንዱ ስምንት እደሉ። በተራ አንድ መሳብ፣ አንድ መጣል። ከአንድ ቤት ሁለት ሰም ከነ ሁለት ወርቃቸው የያዘ ያወርዳል። ሁለት ቤት ያወረደ ይዘጋል። ሲያወርድ ከወርቆቹ አንዱን ሳያይ በራሱ አነጋገር ካልተናገረ መልሶ ወደ እጁ ያስገባል።

የቁጥር ልውውጥ

ይህ ለጠነከሩ ነው። ሁለት ገጽ ጨምራችሁ 16 ካርታ ቁረጡ። በስምንቱ ላይ ኤፍ 1.4፣ 2፣ 2.8፣ 4፣ 5.6፣ 8፣ 11፣ 16። በሌሎቹ ስምንት ላይ 1/1000፣ 1/500፣ 1/250፣ 1/125፣ 1/60፣ 1/30፣ 1/15፣ 1/8።

መሐል ላይ ኤፍ 5.6 እና 1/60 አስቀምጡ። ሲመሻሽ ገደማ፣ በአይኤስኦ 100 የሚገጥም ብርሃን ነው በሉ። አሁን ሁለቱን መልሳችሁ ሁሉንም በውዙና እደሉ። አንዱ የኤፍ ካርታ ይጥላል፤ ብርሃኑ ሳይቀየር የሚገጥመውን ሻተር የያዘ ቶሎ ይጥልበታል፣ ጥንዱንም ይወስዳል። በሩን አንድ ደረጃ ካሰፋነው ብርሃኑ እጥፍ ሆነ፤ ስለዚህ ጊዜውን በግማሽ እናሳጥራለን። ኤፍ 4 ከሆነ 1/125። ኤፍ 2.8 ከሆነ 1/250። እንዲህ እያለ ኤፍ 1.4 ከ1/1000 ጋር፣ ኤፍ 16 ከ1/8 ጋር ይገናኛል። ስምንቱም ሳይተርፍ ይገጥማሉ።

ሲለምዱት አንዱ በድንገት «አይኤስኦ 200!» ይበል። ሁሉም ሻተር አንድ ደረጃ ይፈጥናል። ኤፍ 5.6 አሁን ከ1/125 ጋር ሆነ። ኤፍ 1.4 ያለ ጥንድ ቀረች፤ የያዛት ሰው ይጮኻል።

ካርታውን ይዞ መውጣት

ቅዳሜ ወይም እሑድ፣ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ገደማ ውጡ። ፀሐይዋ ዝቅ ስትል ጥላው ይረዝማል፣ ብርሃኑም ይለሰልሳል። እያንዳንዱ ሦስት ሰም ይሳብ፣ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ሦስቱንም የሚያሳይ ፎቶ ይዞ ይመለስ። ስልክም ይበቃል። ማኑዋል ወይም ፕሮ የሚባል ሞድ ካለው ሻተሩንና አይኤስኦውን ትቀይራላችሁ፤ አብዛኛው ስልክ አፐርቸሩ የማይንቀሳቀስ ስለሆነ ግን አፐርቸር የደረሰው ሰው ሌላ ይሳብ። ሰው የምታነሱ ከሆነ አስፈቅዱ። «አባቴ፣ ባነሳዎት ይፈቅዳሉ?» ማለት ሦስት ሴኮንድ አይፈጅም፤ አብዛኛው ሰው ጋቢውን አስተካክሎ ይቆምላችኋል።

ስትመለሱ ፎቶዎቹ ያለ ስም ይታዩ፤ ሌሎቹ ሰሙ የትኛው እንደሆነ ይገምቱ። ማንም ካላወቀው፣ ፎቶው ቢያምርም ቃሉን አላሳየም። አገር ይከፍላል።

ከቃላቱ ውስጥ ማንም የማይስታቸውን እያወጣችሁ በሌላ ቃል ተኩ። እኛ ዘንድ ፎከስ ቶሎ ወጥቷል፤ ሂስቶግራም ግን አሁንም ሰው ያስለቅሳል። የወጣውን ካርታ አትጣሉት፣ አዲስ ሰው ሲመጣ ለማሞቂያ ትፈልጉታላችሁ። አገሩ ሁሉ ያለቀበት ሰው ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ ይበውዛል፣ ቡናውንም ያፈላል። እኔ ካለፈው ወር ጀምሮ እያፈላሁ ነው።